አንድ ፊት፣ ሦስት ገዢዎች፦ ስለ ቻይናዊው ተዋናይ ታንግ ጉዎቺያንግ

“ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” ይላሉ አበው። ንጉሥን መክሰስ ባይቻል እንኳ መድረክ ላይ ወጥቶ ንጉሡን መስሎ መጫወት በየአገሩ የተለመደ ነው። ጣጣው የሚመጣው ንጉሡን እንዲጫወት የተፈቀደለት ማን ነው? ፈቃጁስ ማን ነው? ከንጉሡ ዕድሜ ውስጥ የትኛው ብቻ እንዲታይ ነው የተፈቀደው? ብለን መጠየቅ ስንጀምር ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ የአንድ ቻይናዊ ተዋናይ የሥራ ዘመን ለመመርመር እሞክራለሁ። ሰውየው ታንግ ጉዎቺያንግ ይባላል። (ዓመታቱ የተለየ ካልተጠቀሰ በቀር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የቲያትር ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ይሁን እንጂ በስደት ኑሮ አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ቻይናውያን ጥቂት አይደሉም፤ በምሳ ሰዓት ጨዋታ መካከል እነሱ ያነሷቸውን ተከታታይ ድራማዎች በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እየታገዝኩ መከታተል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገረመኝ። የጥንቱ ጥበበኛ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እንቅልፍ የማያውቀው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት፣ የሕዝባዊት ሪፐብሊኳ መሥራች ማኦ፣ ሦስቱም አንድ ፊት ናቸው። ሦስቱም ታንግ ጉዎቺያንግ ነው።

“ይህ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ማኦ ለእኛ እንግዳ ሰው አልነበረም። የታላላቆቻችን ትውልድ ቀይዋን መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ ዞሯል፤ የቻይናን አብዮት ስልት እየጠቀሰ ተከራክሯል፤ በክርክሩም ተከፋፍሎ ተላልቋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጥቅምት ወር 1971 ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ጋር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። ንጉሡም፣ ንጉሡን ሊገለብጥ የተነሣው ተማሪም ያንኑ ሰው በየፊናው አይተውታል ማለት ነው። ያ ሰው ከሞተ በኋላ በገዛ አገሩ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ ማወቅ ለእኛ ትርፍ ወሬ አይሆንም።

መልክ እንደ ዕጣ ፈንታ

ታንግን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ማኦ በሕይወት ሳለ ተዋናይ እሱን መስሎ በፊልም ውስጥ ሲንቀሳቀስ የማየት ልማድ አልነበረም። በ1976 ከሞተ በኋላ ግን አገሪቱ መሪዎቿን በፊልም ለማየት ፈለገች፤ ተዋናይ መፈለግም ተጀመረ። በዚህ መካከል የተገኘው ጉ ዩዌ በኩንሚንግ ወታደራዊ ቀጣና በባህል ሥራ ላይ የተሰማራ የጦር ሠራዊት ባልደረባ ነበር። ከቀረቡት ፎቶግራፎች መካከል የእሱን የመረጠው ማርሻል ዬ ጂየንዪንግ ነው ይባላል። በ1981 “የሺያን ክስተት” በተባለው ፊልም ማኦን ሆኖ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ በ2005 በልብ ሕመም እስኪያርፍ ድረስ ማኦን 84 ጊዜ ተጫውቷል።

ስሙን ልብ በሉ። ትክክለኛ የቤተሰብ ስሙ “ሁ” ነበር። ይህ ስም በቻይንኛ ሲጻፍ ሁለት ምልክቶች ጎን ለጎን ተጣምረው የሚሠሩት ፊደል ነው፤ ፊደሉ ለሁለት ሲከፈል ግራው “ጉ”፣ ቀኙ “ዩዌ” ተብሎ ይነበባል። ሰውየው ስሙን ለሁለት ከፍሎ የመድረክ ስም አወጣበት። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንደሚባለው ነው። የገዛ ስሙን ለሁለት የከፈለው ሰው ሕይወቱም ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ የሌላ ሰው ፊት ሆነ።

ቻይናውያን እንዲህ ያለውን ተዋናይ “ልዩ ዓይነት ተዋናይ” ብለው በተለየ ስም ይጠሩታል። መልኩ ከአንድ መሪ ጋር በመመሳሰሉ የተመረጠ፣ ያንኑ መሪ ደጋግሞ የሚጫወት ማለት ነው። ዋንግ ቲየቼንግ ቹ ኤንላይን፣ ሉ ቺ ዴንግ ሻዎፒንግን፣ ሱን ፌይሁ ቺያንግ ካይ ሼክን በዚህ መንገድ ተጫውተዋል። በ1987 ደግሞ ታላላቅ አብዮታዊና ታሪካዊ ርዕሶችን የሚመለከቱ ፊልሞችን የሚቆጣጠር ልዩ ቡድን ተቋቋመ። መሪን በፊልም ማሳየት የመንግሥት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ጉ ዩዌ ደካማ ተዋናይ አልነበረም። በ1989 የወጣው “የመንግሥት ምሥረታው” የተባለው ፊልም ላይ ያሳየው ብቃት የተመልካች ድምፅ የሚወስነውን የመቶ አበቦች ሽልማት አስገኝቶለታል። ሆኖም ትወናውን ሳይ የሚሰማኝ ነገር አለ፤ ሰውየው እንዳይሳሳት የሚጠነቀቅ ይመስላል። የአረማመዱ፣ የእጁ አወራወር፣ የሁናን ጠቅላይ ግዛት አነጋገሩ ሁሉ በልክ የተቀዳ ነው። እኛ መሐንዲሶች አንድን መሣሪያ ከዋናው መለኪያ ጋር እያስተያየን እንደምናስተካክለው ማለት ነው። እንዲህ የተስተካከለ መሣሪያ አይዋሽም። ያልተለካ አዲስ ነገር እንዲነግረን ግን አይጠበቅም።

ከመልከ መልካምነት ወደ ጥበብ

ታንግ ጉዎቺያንግ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1952 በሻንዶንግ ጠቅላይ ግዛት በቺንግዳዎ ከተማ ተወለደ። በ1979 “ትንሿ አበባ” በተባለው ፊልም ከጆአን ቼንና ከሊዩ ሺያዎቺንግ ጋር ተጫውቶ ዝነኛ ሆነ። ዝናው ግን ከስላቅ ጋር ነበር የመጣው። መልኩ በጣም ያማረ፣ ቆዳው የለሰለሰ በመሆኑ “የክሬም ልጅ” የሚል ቅጽል ወጣለት። ወንድነት የጎደለው፣ ለፍቅር ፊልም ብቻ የሚሆን ማለታቸው ነው። በ1984 የሺዬ ጂን ፊልም በሆነው “ከተራራው ግርጌ ያሉት የአበባ ጉንጉኖች” ውስጥ ወታደር ሆኖ ሲጫወት ያንን ስም ለመጣል እየታገለ እንደነበር ይታያል።

ስሙን ሙሉ በሙሉ የቀየረለት የ1994ቱ የማዕከላዊ ቴሌቪዥን ድራማ “ሦስቱ መንግሥታት” ነው። 84 ክፍሎች ያሉት ሥራ ሲሆን ታንግ የተጫወተው የሹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ዡጌ ልያንግን ነው። በቻይናውያን ዘንድ ዡጌ ልያንግ ማለት ጥበብ ራሱ ማለት ነው። ላባ ማራገቢያውን ይዞ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጦር የሚያሸንፍ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ “የክሬም ልጅ” ሲመረጥ ማጉረምረሙ አይገርምም።

ታንግ ምን አደረገ? በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መልኩን አልደበቀውም። ከጎጆው ወጥቶ ለሊዩ ቤይ አገልግሎት የሚገባው ወጣት ዡጌ ልያንግ ያማረ ነው፣ በራሱ የሚተማመን ነው፣ ትንሽም ኩራት አለበት። ከዚያ በኋላ ግን ተዋናዩ ያንን ውበት ክፍል በክፍል እየሸረሸረ ይሄዳል። በዦው ዩ ለቅሶ ላይ የሚያለቅሰውን ለቅሶ ያየ ሰው አይረሳውም። ዦው ዩ ተቀናቃኙ ነበር፤ ሞቱ ይጠቅመዋል። ለቅሶው የፖለቲካ ነው፣ እውነተኛም ነው፤ ታንግ ሁለቱን ሳይለያይ በአንድ ትንፋሽ ያለቅሳል። በ234 በዉዣንግ ሜዳ በጦር ሰፈር ታምሞ የሚሞተው ሽማግሌ ዘንድ ስንደርስ ያ ለስላሳ ፊት የደከመ ሰው ፊት ሆኗል። የጌታውን ልጅ ሊያነግሥለት የማይችለውን ሕልም ተሸክሞ ይሞታል።

የታንግ ዋና ስጦታ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥልጣን የሚያመጣውን ብቸኝነት እንዲሰማን ማድረግ ይችላል። ጉ ዩዌ የመሪውን መልክ ሰጠን። ታንግ የሰጠን የመሪውን ድካም ነው።

የማይተኛው ንጉሥ

በጥር 1999 “የዮንግዠንግ ሥርወ መንግሥት” ለሕዝብ ቀረበ። ሁ ሜይ የምትባል ሴት ዳይሬክተር ያዘጋጀችው፣ ኤርዩዌሄ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ ከጻፈው ልቦለድ የተወሰደ፣ 44 ክፍሎች ያሉት ድራማ ነው። ታንግ የተጫወተው ከ1722 እስከ 1735 የነገሠውን ዮንግዠንግን ነው።

ድራማው የሚጀምረው በጎርፍ ነው። ቢጫው ወንዝ ሞልቶ ሕዝብ ያልቃል፤ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ እርዳታ ይላክ ቢል ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው። ገንዘቡን ሹማምንቱ እየተበደሩ ወስደውታል። ሁሉም ልዑል ይህን ሥራ ሲሸሽ አራተኛው ልዑል፣ የወደፊቱ ዮንግዠንግ፣ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ይወጣል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው አነጋገር በዚያም ቤት የሚሠራ በመሆኑ አራተኛው ልዑል ከሹም ሁሉ ጋር ይጣላል።

ይህ ታሪክ በ1999 ለቻይና ተመልካች የጥንት ታሪክ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ክረምት የያንግሴ ወንዝ ሞልቶ ትልቅ ጥፋት አድርሷል። የመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን በሚሊዮን ያሰናብቱ ነበር። በመጋቢት 1998 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዡ ሮንግጂ ሙሰኞችን የማይምር ቁጡ ሰው የሚል ስም ወጥቶለታል። ብዙ ተመልካች ንጉሡን ሲያይ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አየ። ድራማው በተላለፈበት ሰዓት አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር ብለው ባልደረቦቼ ያጫውቱኛል።

የታንግ ትወና እዚህ ላይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ቁጣው ሲመጣ ከአንገቱ ይጀምራል። ሌሊት በሻማ ብርሃን በቀይ ቀለም ብዕር የሹማምንትን ማመልከቻ እያረመ ሲያድር የእጁ መዛል ይታያል። ድራማው ሲያልቅ ንጉሡ የሚሞተው በሥራ ብዛት ደክሞ ነው፤ ይህም በልቦለዱ ካለው አሟሟት የተለየ ነው።

አሁን ትችቴን ልጀምር። በታሪክ የምናውቀው ዮንግዠንግ በእርግጥ ታታሪ ነበር። የነፍስ ወከፍ ግብሩ ከመሬት ግብሩ ጋር እንዲዋሐድ በማድረጉም መሬት የሌለውን ድኻ ጠቅሟል። ነገር ግን ሁለት ወንድሞቹ በ1726 በእስር ላይ እንዳሉ ሞተዋል። በ1728 አንድ የገጠር መምህር በዙፋኑ ላይ ለማሳመጽ በሞከረ ጊዜ ምርመራው የመምህሩን ሐሳብ ወዳነሣሡት ሉ ልዩልያንግ ወደተባለ ምሁር መጻሕፍት አመራ። ምሁሩ ከሞተ 50 ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ አጽሙ ከመቃብር ተቆፍሮ እንዲዋረድ፣ ዘሩም እንዲቀጣ ንጉሡ ፈረደ። መጽሐፍ በመጻፉ መቃብሩ የተቆፈረበትን ሰው ታሪክ ለምናነብ ለእኛ፣ በሻማ ብርሃን የሚደክመው ንጉሥ ብቻውን በቂ ሥዕል አይሆንም። ሌሊቱን ሙሉ ያ ብዕር ምን ሲጽፍ እንዳደረ ማወቅ አለብን። ድካም በራሱ ምስክር አይሆንም፤ ገራፊም ይደክማል።

ሰዓቱ የቆመበት ማኦ

ታንግ ማኦን መጫወት የጀመረው በ1990ዎቹ ሲሆን በ1996 በወጣው “ረጅሙ ጉዞ” ፊልም ላይ 44 ዓመቱ ነበር። ከማኦ ጋር ያለው መመሳሰል የጉ ዩዌን ያህል አይደለም። በአብዛኛው ሥራዎቹም የሁናንን አነጋገር ትቶ በመደበኛው ማንዳሪን ይናገራል። ቅሬታ አልጠፋም፤ ቆይቶ ግን ተመልካቹ ለመደው። የማኦን የእጅ ጽሑፍ ለማጥናት የደከመ የብዕር ጥበብ ወዳጅ ነው፤ ማኦ ሲጽፍ በምናይበት ቦታ እጁ በራስ መተማመን ይንቀሳቀሳል።

ከማኦ ሥራዎቹ ሁሉ የምመርጠው በ2001 የተላለፈውን “ረጅሙ ጉዞ” ተከታታይ ድራማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማኦ ሥልጣን የለውም። በፓርቲው ውስጥ ተገፍቷል፣ ታሟል፣ ሐሳቡን የሚሰማው የለም። ታንግ ይህን የተገፋ ሰው በዝምታና በሲጋራ ጭስ ይጫወተዋል። በቺያንግ ካይ ሼክ በኩል ደግሞ ቼን ዳዎሚንግ አለ፤ ንቀቱንና ጭንቀቱን በቀጭኑ እያፈራረቀ። ሁለቱ ተዋንያን ፊት ለፊት ሳይገናኙ የሚያደርጉት ፍልሚያ ከጦር ሜዳው ይበልጣል። በጥር 1935 የዙንዪ ጉባኤ ማኦ ወደ አመራር ሲመለስ ተመልካቹ የሚደሰተው በፖለቲካው ሳይሆን የተገፋ ሰው ስለተደመጠ ነው።

በ2009 የሪፐብሊኳ 60ኛ ዓመት በዓል ምክንያት የተሠራውና በታዋቂ ተዋንያን ብዛት የተወራለት “የአንዲት ሪፐብሊክ ምሥረታ” ሲመጣ ማኦ ሌላ ሰው ነው። አንድ ትዕይንት ላንሣ። ማኦ ወደ ቤጂንግ ሲገባ ሲጋራ አምጡ ይላል፤ ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ስለሸሸ ሲጋራ የሚሸጥ አልተገኘም። ስለዚህ ነጋዴዎቹን መመለስ አለብን ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል። ታንግ ይህን በቀላል ቀልድ ስለሚጫወተው ሰው ይስቃል። ግን እንግዲህ አስቡት። ከዚያ ሲጋራ ጥቂት ዓመታት በኋላ የግል ነጋዴው ንብረት በሙሉ ወደ መንግሥት ተዛውሯል። ትዕይንቱ የ1949ን ቤጂንግ ከሚያሳየን ይልቅ የ2009ን የገበያ ቻይና ለ1949 ሰው አፍ ማዋስ ነው። ተዋናዩ እንከን የለበትም፤ ንግግሩ ግን ከሌላ ዘመን የመጣ ነው።

በ2021 “የቻንግጂን ሐይቅ ውጊያ” በተባለው እጅግ ብዙ ገቢ ባስገኘ ፊልም ታንግ አሁንም ማኦ ነበር። ልጁን አንዪንግን ወደ ኮሪያ ጦርነት የሚሸኝ አባት ሆኖ ይታያል፤ ልጁ በኅዳር 1950 እዚያው ይሞታል። እስቲ እንደ መሐንዲስ ትንሽ ልቁጠር። በ1996 ታንግ በረጅሙ ጉዞ ጊዜ ከነበረው ማኦ የሚበልጠው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ነበር። በ2021 ታንግ 69 ዓመት ሲሆነው ማኦ በ1950 ገና 56 ነው። በ25 ዓመት ውስጥ ተዋናዩ ሩብ ምዕተ ዓመት አረጀ፤ የተፈቀደለት ማኦ ግን ከ1935 ወደ 1950 ነው የተጓዘው። ባየኋቸው ሥራዎቹ ውስጥ የ1958ቱን ማኦ አላየሁም። በ1959 በሉሻን ተራራ ማርሻል ፔንግ ደሁዋይ እውነቱን ሲነግረው የተቆጣውን ማኦ አላየሁም። የ1966ቱንም እንዲሁ።

በመካከሉ ረሃብ አለ። ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ የሞቱትን የታሪክ ተመራማሪዎች ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ይገምታሉ። ፓርቲው ራሱ በሰኔ 1981 ባወጣው ውሳኔ የማኦን ስሕተቶች አምኖ፣ ሥራው ይበልጣል፣ ጥፋቱ ሁለተኛ ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ጉ ዩዌ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኦን ሆኖ የታየውም በዚያው በ1981 መሆኑን ልብ በሉ። ውሳኔው ስሕተቱን በወረቀት ላይ አስቀመጠ፤ ፊልሙ ውለታውን በሰው ፊት ላይ አሳየ። ወረቀቱን የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ፊቱን ግን ሁሉም ያያል።

ፈጽሞ ዝምታ ነበር ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ዲንግ ዪንናን ያዘጋጀውና ዋንግ ቲየቼንግ የተጫወተበት “ቹ ኤንላይ” ፊልም የባህል አብዮቱን ዓመታት በታመመ ሰው ዓይን ነክቷቸዋል። በ2003 የተላለፈው “ወደ ሪፐብሊክ” የተሰኘ 59 ክፍል ድራማ ደግሞ እቴጌ ሲሺን፣ ሊ ሆንግጃንግንና ዩዋን ሺካይን ከተለመደው የክፉ ሰው ሥዕል አውጥቶ በሙሉ ሰውነታቸው አሳይቷል። ያም ድራማ ተቆራርጦ ነው የቀረበው፤ ከዚያም ከመንግሥት ቴሌቪዥን ጠፋ። ገዢን ከነድካሙ ማሳየት ይፈቀዳል። ሥልጣኑ ራሱ ለጥያቄ ሲቀርብ ግን መቀሱ ይመጣል።

በስዕሉ ውስጥ የሌሉት

አሁን ሦስቱን ገዢዎች አንድ ላይ ላስቀምጥ። ዡጌ ልያንግ፣ ዮንግዠንግ፣ ማኦ። በታንግ ፊት ላይ ሦስቱም ሌሊት የሚሠሩ፣ በቅርብ ሰዎቻቸው የማይረዱ፣ ከእነሱ በቀር አገሩን የሚሸከም የሌለ ሰዎች ናቸው። አንድ ምሰሶ ሦስት ቤት ተሸክሟል። ለተመልካቹ የሚቀረው ስሜት “ለዚህ ሰው አዘንኩለት” የሚል ነው። ከአንድ ተዋናይ ፊት 1800 ዓመት የሚያህል ታሪክ ሲያልፍ፣ በመካከሉ የተለወጠ ነገር ያለም አይመስልም፤ ጥሩ ገዢ ሁልጊዜ ይኖራል፣ የሕዝብ ድርሻም ማመን ነው።

ይህን ያመጣው የታንግ ድክመት አይደለም፤ ችሎታው ነው። ደካማ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ያዛጋ ነበር። በግብዝነት የተሠራ ሐውልት ማንንም አያሳምንም። ታንግ ግን ገዢውን ሰው አደረገው፤ ሰው የሆነን ገዢ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍራል። የታመመ አባት ፊት ሒሳብ እንደ መጠየቅ ይሆንብናል። እኔ በዚህ የተነሣ የምለው፣ እንዲህ ያለውን ትወና ስንመዝን ፊቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ከስዕሉ ክፈፍ ውጪ የቀረው ማን ነው? ግብር ከፋዩ የት አለ? አጽሙ የተቆፈረው ምሁር የት አለ? በሄናን መንደር በ1960 እህል ያለቀባት እናትስ?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ እናውቀዋለን። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ። ከክፈፉ ውጪ የነበረው ሕዝብ በአንድ ሌሊት ወደ ክፈፉ ገባ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር። ያንን ስዕል የቆረጠው እጅ ግን በማግስቱ ራሱ ገዢ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የገዛ ሬሳዎቹን ከክፈፉ ውጪ አስቀመጠ። ስለዚህ የተራበውን ማሳየት ብቻውን ከውሸት አያድንም። የቆረጠውን እጅም ማየት ያስፈልጋል። ለታንግ ፊልሞችም የምጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ በገዢው እንባ ላይ ካሜራው ሲቀርብ ካሜራውን ወደዚያ ያቀረበው ማን እንደሆነ።

በእኛ መድረክ አጼ ቴዎድሮስን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ጽፈዋቸዋል፤ ሁለቱ ቴዎድሮሶች አንድ ሰው አይደሉም። ያም ዘመን ሳንሱር ያልነበረበት አይደለም። ይሁንና አንድ መሪ ከአንድ በላይ ደራሲና ከአንድ በላይ ፊት ሲኖረው፣ ተመልካቹ ቢያንስ “የቱ ነው ትክክሉ?” ብሎ ለመጠየቅ ዕድል ያገኛል።

ሕዝብ ፊቱን ሲወስደው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መራራ በሆነ ነበር። ነገር ግን የቻይና ወጣት በዚህ ፊት ላይ ያደረገውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ይህ ነውና።

በ1994ቱ ድራማ ውስጥ ዡጌ ልያንግ በጦር ሜዳ መካከል ዋንግ ላንግ የተባለውን ሽማግሌ ሹም በቃላት ብቻ ሰድቦ ከፈረሱ ጥሎ የሚገድልበት ትዕይንት አለ። ታንግ ይህን በፍጹም ቁም ነገር ነው የተጫወተው። ከዓመታት በኋላ ወጣቶች ይህን ትዕይንት በኢንተርኔት ወስደው ከዘፈን ጋር ቆራርጠው ቀጠሉት፤ ጥበበኛው ጠቅላይ ሚኒስትር በምት እየተሳደበ ይዘፍን ጀመር። ልጆቹ ይህን በብዙ ሺህ ጊዜ ደጋግመው ሠርተውታል።

ሌላም አለ። ይኸው ማኦና ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው በትውልድ ጠቅላይ ግዛቱ በሻንዶንግ ላለ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ የኤክስካቫተር ሹፌር ያሠለጥናል። ታንግ በዚያ በሚከበረው ድምፁ የኤክስካቫተር ሙያ የት እንደሚሻል ተመልካቹን ይጠይቃል። በ2014 ይህ ጥያቄ በቻይና ኢንተርኔት የሁሉም ሰው ቀልድ ሆነ። ሰው ስለ ማንኛውም ነገር ጽፎ ሲያበቃ ያንን የኤክስካቫተር ጥያቄ ይጨምርበታል። እኔ ከኤክስካቫተር ጋር የሠራሁ ሰው በመሆኔ ሳቄ ከሌላው ይበዛል። ግን ቀልዱ ከሳቅ በላይ ነው። ሦስት ገዢ የተሸከመው ፊት ለአንድ ጊዜ አፈር ከሚቆፍር ሠራተኛ ጎን ቆመ፤ ሕዝቡም ፊቱን ከዙፋኑ አውርዶ እንደ ጎረቤቱ ቀለደበት። የተፈቀደውን ፊት ማንም ሳይፈቅድለት ተጠቀመበት።

ታንግ በዚህ ቀልድ እንደ ትልቅ ሰው ትዝብት ውስጥ ገብቷል የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። ተዋናይ ነው፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። ጉ ዩዌ በአንድ ፊት ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ሞተ። ታንግ ሲያሻው ወጥቶ ማስታወቂያ መሥራት መቻሉ ከዚያ እስር ማምለጡ ይመስለኛል።

ማጠቃለያ

ታንግ ጉዎቺያንግ በዘመኑ ካሉት የቻይና ተዋንያን መካከል ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የዡጌ ልያንግን እርጅና እና የዮንግዠንግን ሌሊት ያላየ አንባቢ ጊዜ ፈልጎ እንዲያይ እመክራለሁ። የማኦ ሥራዎቹን ግን ሌላ የታሪክ መጽሐፍ በጎን ይዞ ቢያይ ይሻለዋል፤ የ2001ዱን “ረጅሙ ጉዞ” በጎ አድርጎ፣ የ2009ኙን በጥርጣሬ።

የዚህ ተዋናይ ትልቁ ሚና እስከ ዛሬ ያልተሰጠው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሉሻን ተራራ የወዳጁን ደብዳቤ በእጁ ይዞ፣ እውነት መሆኑን እያወቀ፣ ሊቀበለው ያልፈለገ ሰው። የሥልጣንን ብቸኝነት እንደ ታንግ የሚያውቅ ተዋናይ ያንን ሰዓት ቢጫወተው ኖሮ ያለፉት ሥራዎቹ በሙሉ ሌላ ትርጉም ባገኙ ነበር። ድካሙ ለምን እንደሆነ፣ ዋጋውንም ማን እንደከፈለ እናይ ነበር። ዕድሜው 70ን አልፏል። ያ ስክሪፕት ይጻፋል ብዬ አልጠብቅም፤ ተጽፎ ቢገኝ ግን ከእሱ የተሻለ የሚጫወተው አላውቅም።

ቸር ይግጠመን።